ካሴቱ ላይ ስሜ ነበረ

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ፣ ሰርግ ቤት ተጠርቼ ጊታር ሲነካ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያኔ የምንኖረው ሀና ማርያም አካባቢ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት አንድ የአሜሪካ ሮክ ባንድ አልበም ነበረው፤ ኦሪጅናል ካሴት። አንዱ ዘፈን ቤት ያናውጣል፤ የሚቀጥለው ቫዮሊን ያለበት ለስላሳ ካንትሪ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓይነት ይመጣል። ዳዊት "እነዚህ ሰዎች የማይችሉት ነገር የለም" እያለ ጊታሩን ይዞ ከነሱ ጋር ሲጫወት ይውላል። እናታችን እንግሊዝኛ ባትሰማም የካንትሪዎቹን ዜማ ወጥ እየሠራች ታንጎራጉር ነበር።

ዳዊት በጉበት በሽታ ሞተብን። ከመታመሙ በፊት፣ ላዩ ላይ መቅዳት እንዲቻል የካሴቱን ቀዳዳ በፕላስተር ደፍኖ፣ መጨረሻ ላይ በተረፈው ባዶ ቦታ አንዱን ዘፈን ራሱ ተጫውቶ ቀድቶት ነበር። ከድምፁ የቀረልን ያ ብቻ ነው። እሱም ለቅሶው ሳያልቅ ጠፋ። እናቴ ፍራሽ እየገለበጠች ፈለገችው። አላገኘችውም።

ዓመት ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ ከሳሪስ ወደ ላፍቶ የሚሄድ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ያንን አልበም ከፍቷል። ብዙ ሰው የሚወደው ስለነበር አልገረመኝም፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። የመጨረሻው ዘፈን አለቀ። ካሴቱ ትንሽ ተንሿሿና የወንድሜ ድምፅ መጣ።

"ሰናይት፣ በሩን ዝጊው፤ እየቀዳሁ ነው።"

"አቁም" አልኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ዳር ያዘ።

"ምን ሆንሽ እህቴ?"

"ካሴቱ የኛ ነው። የሚጫወተው የሞተው ወንድሜ ነው።"

"ተሳስተሻል። የሚጫወተው ግርማ የሚባል የጋርመንት ልጅ ነው። ለእህቴ ሰርግ ላሠራው ስል፣ 'ችሎታዬን ስማ' ብሎ የሰጠኝ ራሱ ነው።"

ግርማ የዳዊት የልብ ጓደኛ ነበር። ቀብሩ ላይ ከሁሉም በላይ ያለቀሰው፣ እናቴን "እኔ አለሁልዎ" ያላት እሱ ነው። ከለቅሶ ቤታችን ጠፍቶ አያውቅም።

"ወደ ኋላ መልሰው" አልኩት። መለሰው። ስሜ እንደገና ተጠራ። መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠሁት። አነበበና ቴፑን አጠፋው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ "ስጣት ልጄ፤ ይሄ እኮ የሰው ሬሳ መዝረፍ ነው" አሉት። ካሴቱን አውጥቶ በእጄ አስያዘኝ። "እኔ አላወቅኩም" አለ። አመንኩት።

ቤት አልገባሁም። በቀጥታ ጋርመንት፣ ግርማ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። ካሴቱን ሲያይ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም።

"ሰናይት፣ ተረጋጊ። እሱ ሞቷል፤ ምን ያደርግለታል? እኔ ሥራ ማግኘት አለብኝ።"

"እናቴስ? እሷ አልሞተችም።"

"ልመልስላችሁ አስቤ ነበር።"

በጥፊ አጮልኩት። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰው መትቼ አላውቅም።

ግርማ ይቅርታ ሳይጠይቅ ሰርግ ላይ እየተጫወተ ቀጠለ። ስሙም ተጠራለት። እናቴ ይቅር ብላው ነው ያረፈችው፤ እኔንም ለምናኛለች። ሰዎች "የቆየ ነገር ነው፣ ተይው" ይሉኛል። አልተውኩትም። ስለ ጥፊውም አልጸጸትም። ሌባ ብቻ ቢሆን ምናልባት እረሳለት ነበር። ግን ወንድሜ በአጭር ዕድሜው ሠርቶት የሄደው ነገር ያ አንድ ዘፈን ነበር፤ እሱንም ግርማ "የኔ ነው" አለ።