አይመለሴና የእትዬ ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተር ጠጋኙን ሰፈሩ የሚያውቀው «አይመለሴ» በሚል ቅጽል ነው። እጁ ገብቶበት የወጣ ዕቃ በዚያው በሽታ ተመልሶ አይመጣም ለማለት ነው። ስሙን ይወደዋል፤ ሲጠሩት ያልሰማ መስሎ አንገቱን ይደፋል እንጂ ከንፈሩ ትከዳዋለች። ይህን ስሙን የምታሳጣው ደንበኛ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ታላቅ እህቱ ናት።

እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ተቀምጣ የሰው ጽሑፍ እየተየበች ትኖራለች። «ጋለና ድርግም አለብኝ» እያለች ያን ከባድ የኮምፒዩተር ሳጥን በታክሲ አስጭና በየጊዜው ታመጣለታለች። እሱ ይከፍታል፣ አቧራውን ያራግፋል፣ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ይለውጣል። እሷ የደንበኛ ወንበር ላይ ተደላድላ የዘመዱን፣ የጎረቤቱን፣ የልጅነታቸውን ታወራለች። «እህ» ይላታል፤ ጆሮው ያለው ግን ከማራገቢያው ድምፅ ላይ ነው።

አንድ ቀን ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ፣ «አይመለሴ፣ የእህትህ ግን ይመለሳል!» ብሎ ሳቀበት። ቀልዱ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። በክብሩ መጡበታ! ዛሬ የዚህን ኮምፒዩተር ነገር ካልቆረጥኩ አለ።

ሂትሲንኩን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚስበውን ባለክንፍ ብረት ነቀለው። የሥሩን ገጽ በማርከር ቀባና ወፍራም መስታወት ላይ በዘረጋው የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ፈገፈገው። ቀለሙ ከዳር ዳሩ ለቀቀ፤ መሃሉ ላይ ግን እንዳለ ቀረ። መሃሉ ጎድጉዷል ማለት ነው። ጉድጓድ ባለበት አየር ይገባል፤ አየር በገባበት ሙቀት እንደ ልቡ አያልፍም።

«አገኘሁህ!» አለ ብረቱን።

ከሻካራው ወረቀት ወደ ለስላሳው እየተሻገረ፣ ውሃ ጠብ እያደረገ፣ ሳይጫን፣ እያዞረ ይፈገፍግ ጀመር።

«እኔ የምልህ፣» አለች እህቱ፣ «አንድ ነገር ላማክርህ ነበር።»

«ቆዪ እትዬ፣ እጄ ይስታል።»

ቆየች። ብረቱ እንደ መስታወት የገዛ ጥርሱን እስኪያሳየው ድረስ ጠራ። ቀለሙን ደግሞ ቢፈትነው ከዳር እስከ ዳር እኩል ለቀቀ። እሱ በደስታ እጁን ሲያፋትግ ምክሩ በዚያው ተረሳ፤ እሷም አላስታወሰችውም።

ኮምፒዩተሩ ከዚያ ወዲያ አልጋለም፤ እትዬም አልመጣችም። የአይመለሴ ልብ ቅቤ ጠጣ። አልፎ አልፎ ይደውልላታል።

«እትዬ፣ ደህና ነው?»

«ደህና ነው» ትለዋለች።

«ደህና ነሽ?» ለማለት የአንዲት ፊደል ለውጥ ነበር የሚበቃው። እሱ ግን የሚጠይቀው ስለ ኮምፒዩተሩ ነበር፤ መልሱን ይሰማና ይዘጋል። አንዳንዴ ያ ወንበር ባዶውን ሲያየው ሆዱ ይባባል፤ ሥራ ስለቀዘቀዘ ይመስለዋል። የዋህ!

አንድ ማለዳ የእህቱ ልጅ ደወለ።

«አጎቴ፣ እማዬን ወደኔ ልወስዳት መጥቻለሁ። ልንነሳ ነው፤ አልነገረችህም እንዴ?»

አይመለሴ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ እየሮጠ ሄደ። ቤቱ ተራቁቷል፤ ዕቃው መኪና ላይ ወጥቷል። እትዬ ደጃፉ ላይ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የመንገድ ጫማዋን ታጠልቃለች።

«ምነው እትዬ፣ እኔን ሳታማክሪ?»

«ላማክርህ መጥቼ እጄ ይስታል አልከኝ። ቅሪ ብትለኝ እቀር ነበር።»

«ቅሪ እንግዲህ! እኔ አለሁ አይደል?»

«አሁንማ ቤቱን አስረክቤ፣ የኔ ወንድም?»

ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል ነበር፤ እሱ ሁለቱንም አሳልፏል። መኪናው ላይ የታሰረውን ሳጥን አየና፣

«ደግሞ ቢግልብሽ እዚያ ማን ይሠራልሻል?» አላት።

እትዬ ሳቋ መጣ።

«ድሮስ መቼ እንዲህ ይግል ነበር? ከግድግዳው ለጥፌ አየር ስነሳው እኮ ነው። ቤቱ ጭር ሲልብኝ ካንተ ዘንድ የምመጣበት ሰበብ ይሆነኝ ነበር። ሰበብ ሳልይዝ ብመጣማ ሥራ ላይ ነኝ ትላለህ።» ጫማዋን አስራ ተነሳች። «ያን ቀን ካለሰለስከው ወዲያ ብለጥፈው፣ ብሸፍነው፣ አልግል አለኝ። በጣም አሳመርከው። ምነው ትንሽ ጉድለት ብታስቀርልኝ!»

ጉንጩን ሳመችውና ልጇ አጠገብ ወጥታ ተቀመጠች። አይመለሴ የሳጥኑን ገመድ ጠበቅ አደረገላት።