የታጠበው ስላይድ

ስማቸው የሚባለው ሰው ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ደሴ ሆስፒታል የሰው ደም ሲመረምር የኖረ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። በ1980 ዓ.ም. ዓይኑም ወገቡም ዝሎ ነበር። ከግንባር የሚመጣው ቁስለኛ አልጋው አልበቃው ብሎ ኮሪደር ላይ ይተኛል፤ ስላይድ የሚባለው ስስ መስታወት ደግሞ ከአዲስ አበባ መምጣት ካቆመ ከርሟል። ስለዚህ የወታደር ደም የታየበትን በሳሙናና በአልኮል እያጠበ ለሌላው በሽተኛ ያውለዋል። ምን ያድርግ? አለቆቹ አብዮታዊ ቁጠባ ይሉታል፤ እሱ ግን እጦት ነው የሚለው።

ዘይቱና የምትባል ልጅ ከኩታበር የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ሃያ ዓመት ሞልቷታል፤ የወር አበባ ግን አይታ አታውቅም። ኮምቦልቻ የሚሠራ እጮኛ አላት፤ ወገኖቹ "ሴትነቷ ይረጋገጥልን" ብለው ኒካውን አስቁመዋል። ሐኪሙ ነጭ የደም ሴሎቿ ብቻ ተለይተው ወደ ውጭ አገር እንዲላኩ አዘዘ። እዚያ፣ የወንድ ክሮሞዞም ካለ ፈልጎ የሚጣበቅበት፣ ከዲ ኤን ኤ የተሠራ መመርመሪያ አለ ተባለ። ስማቸው አጥቦ ከደረደራቸው ስላይዶች አንዱን አንሥቶ ሴሎቿን አደረቀበት።

መልሱ በስድስት ወሩ መጣ። ከመቶው ሴል ዐሥራ አንዱ የወንድ ነው ይላል። ሐኪሙ ለአባቷ ነገራቸው፤ ወሬው እሳቸውን ቀድሞ ኩታበር ገባ።

ስማቸው ወረቀቱን ያየው ከሳምንት በኋላ ነው። ዐሥራ አንዱ የማን እንደሆኑ ወዲያው ገባው። ዝም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም፤ እሱ ግን ዝም ማለቱን አልቻለበትም። ለሐኪሙ ተናዘዘና በማግስቱ ኩታበር ሄደ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሸህ ዘይኑልአቢዲን" አላቸው ለአባትየው። "ደሟን ያኖርኩበት መስታወት በደንብ ስላልታጠበ የወታደር ደም ቀርቶበት ነው።"

"አላህ ይይልህ እንዳልልህ እውነቱን ይዘህ መጣህብኝ" አሉ ሽማግሌው። "እጮኛዋ እንደሁ ባለፈው ጁምዓ ሌላ አግብቷል።"

ዘይቱና ከጓዳ ወጣች።

"ታዲያ እኔ ሴት ነኝ?"

ስማቸው ይህን ጥያቄ መንገዱን ሁሉ አላሰበውም ነበር።

"እንደገና ካልተላከ አይታወቅም፣ እህቴ። አዲስ ስላይድ ሲመጣ ነው።"

"መቼ ይመጣል?"

"እኔ እንጃ።"

የቀሚሷን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰበሰበችና እጇን ዘረጋችለት።

"ደሙን አሁን ይውሰዱት፤ እኔ ደሴ ድረስ ተመልሼ ሰው ሲያየኝ አልችለውም" አለችው።

ስማቸው መርፌም መስታወትም ሳይዝ ባዶ እጁን ነበር የመጣው።