ቡና ሚዛን ላይ የወጡ ጎማዎች

አቶ አብዱልአዚዝ ዕቃ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማንሳት ነው። ሐብሐብም ሆነ የበር ቁልፍ፣ አዲስ ጫማም ሆነ የጎረቤት ሕፃን፣ በመዳፋቸው ይዘው ትንሽ ከፍ ዝቅ ያደርጉና ክብደቱን ይናገራሉ። ዲላ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለቆዩ ብዙም አይሳሳቱም። ባለቤታቸው ሳምራን ግን ይህ አመል ደጋግሞ አሳፍሯታል። ስጦታ ይዞ የመጣ እንግዳ እንኳ ከምስጋናው በፊት የሚሰማው ኪሎውን ነው።

በመጋዘኑ ያለውን ሥርዓት ያወጡት እሳቸው ናቸው። ገበሬው ከነገለፈቱ የደረቀ ቡናውን፣ ጀንፈሉን፣ ይዞ ሲመጣ ጆንያው ሁለት ጊዜ ይመዘናል። መጀመሪያ እሳቸው ሚዛኑ ላይ ያወጡታል። ከዚያ ይወርድና ሻጩ ራሱ በእጁ አንስቶ ያስቀምጠዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይመዘናል። በቡና ሰሞን ወረፋው አስፋልት ላይ ወጥቶ የባጃጅ ሾፌሮች ሲነጫነጩ እንኳ ሁለተኛው ሚዛን አይቀርም። ሻጩ ራሱ ያላነሳው ጆንያ ገና አልተመዘነም ይላሉ።

በወጣትነታቸው ብስክሌተኛ ነበሩ። በከባድ የቻይና ብስክሌት ከዲላ ቡሌ ይወጡ ነበር። መንገዱ ዳገት ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ የጭቃ መከላከያውን ፈቱ፤ ቀጥሎ የኋላ መጫኛውን፣ በመጨረሻም ደወሉን። እያንዳንዱ የተፈታ ብረት ወደ ቡሌ ደጋ ትንሽ እንዳቀረባቸው አይረሱም። ጉልበታቸው ደክሞ ብስክሌቱን ከሰቀሉ በኋላ ያወቁትን ሁሉ ያስተማሩት የጎረቤታቸውን የመምህር ተክለብርሃንን ልጅ፣ ኤልቤቴልን ነው። ከፔዳሉ እግሯ በቅጡ ሳይደርስ ጀምሮ የሴላዋን፣ የመቀመጫዋን፣ ከፍታ የለኩላት እሳቸው ነበሩ።

ኤልቤቴል አሁን ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ቀን መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ማለዳ ትጋልባለች። የምትወዳደረው በግል ክሮኖ ነው፤ ተወዳዳሪው ለብቻው ይነሳና ከሰዓት ጋር ብቻ የሚታገልበት ውድድር። በየዓመቱ አርባ ምንጭ ላይ ማጣሪያ ይካሄዳል፤ ከወጣት ሴቶች ሁለቱ ብቻ ለአገር አቀፉ ሻምፒዮና ይመረጣሉ። አምና ሦስተኛ ወጥታ ቀረች። ዘንድሮ በወጣት ምድብ የምትወዳደርበት የመጨረሻ ዓመቷ ነው። ካለፈ አለፈ።

አምና ከቀረች ወዲህ ንፋስ እንዳይይዛት ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ልብሷን አጠበበች፤ ክርኖቿን አቀራርባ፣ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ መጋለብ ለመደች። የቀራት ጎማ ነው። የኋላ ጎማዋን በፕላስቲክ ሰሌዳ መሸፈን አስባ ነበር፤ ዋናና ሩጫ በተጨመረበት ውድድር፣ በትሪያትሎን፣ ብዙዎች ያደርጉታል፤ የብስክሌት ውድድር ደንብ ግን ከለከላት። አዲስ የካርቦን ጎማ ደግሞ ከብስክሌቷ በላይ ያወጣል። ስለዚህ ከናይሮቢ በሞያሌ በኩል አሮጌ ዕቃ የሚያመጣውን ቶሌራን ጠበቀች።

ቶሌራ ሁለት ጥንድ ይዞ መጣ። አንደኛው ቸርኬው ቀጭን፣ ራጂው፣ ቸርኬውን የሚወጥረው ሽቦ፣ ብዙ፣ ሲያነሱት እጅ ላይ የማይሰማ ነበር። ሁለተኛው ቸርኬው ወደ መሐል የጠለቀ፣ ወርዱ አራት ጣት የሚያህል፣ ራጂው ጥቂት ነበር። ፍሬን የሚይዝበት ጠርዝ አሉሚኒየም ስለሆነ ዋጋው እንደ ሙሉ ካርቦን አይቆጠርም፤ ክብደቱ ግን የዚያኑ ያህል ጨምሯል። የሁለቱ ዋጋ እኩል ነው፤ የኤልቤቴል አቅም ለአንዱ ብቻ።

በዲላ እንዲህ ያለ ነገር የት እንደሚወሰን ጥያቄ የለውም። ጎማዎቹ መጋዘን ሄዱ። ትልቁ ሚዛን ለጎማ ስለማይሆን አቶ አብዱልአዚዝ የናሙና ቡና የሚለኩባትን ትንሿን አወጡ። ጆንያ ተሸካሚዎቹ ከበቡ። ከመጋዘኑ ጎን ሻይ የምትሸጠው ማንጠግቦሽም ማንቆርቆሪያዋን ጥላ መጣች።

«ልጅቷን መዝኗትና ይለይላችሁ» አለች።

ጥልቁ ጥንድ ከቀጭኑ ግማሽ ኪሎ በልጦ ተገኘ። ቡና የሚያውቅ ሰው ሁሉ ግማሽ ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ከዙሪያው ማጉረምረም ተሰማ። አቶ አብዱልአዚዝ ፈረዱ።

«ሚዛን አይዋሽም፣ ኤልቤ። ቀላሉን ውሰጂ።»

«ጋሽ አብዱል፣ ቀላሉ ለቡሌ ዳገት ነው። የአርባ ምንጩ መንገድ ጠረጴዛ ነው። እዚያ የሚይዘኝ ንፋስ ነው እንጂ ክብደት አይደለም፤ ጥልቁ ደግሞ ንፋስ ይሰነጥቃል።»

«ንፋስ ስንት ኪሎ ነው?»

ሰው ሳቀ። ኤልቤቴልም ፈገግ ብላ አንገቷን ደፋች፤ እሺ ብላም ቀላሉን ለየች። ቶሌራ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ሁለቱንም ትቶላቸው ሄደ።

አቶ አብዱልአዚዝ ግን ያ እሺታ አልተዋጠላቸውም። በማግሥቱ ጆንያ ሲያወርዱ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሁለተኛው ሚዛን የራሱን ጆንያ እያቃሰተ ሲያነሳ አዩና ነገሩ ገባቸው። ማምሻውን በአጥሩ በኩል ኤልቤቴልን ጠሯት። ትናንት እኔ ብቻ ነኝ የመዘንኩት፣ አንቺ ጆንያሽን አላነሳሽም አሏት። ንፋስ የሚመዘንበት መንገድ ካለሽ አምጪው፤ ከሌለሽ የኔ ይጸናል።

መንገድ ነበራት። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ላይ አንድ ተዳፋት አለ፤ ታቹ ረጅም ሜዳ ነው። ከተዳፋቱ አናት ፔዳል ሳትመታ፣ አንገቷን ደፍታ ትለቀቃለች፤ የቆመችበት ቦታ ይታያል። ንፋስ አብዝቶ የያዘው ቀድሞ ይቆማል።

እሑድ ገና መኪና ሳይበዛ ሄዱ። በቀላሉ ጎማ ወረደች፤ በቆመችበት አቶ አብዱልአዚዝ ድንጋይ አኖሩ። ጎማው ተቀየረ። በጥልቁ ስትወርድ ድንጋዩን አልፋ፣ አንድ የእንሰት አጥር አልፋ፣ ከአጥሩ ማዶ ካለው ድልድይ ደረሰች። አቶ አብዱልአዚዝ ርቀቱን በዓይናቸው ለኩና ተቃወሙ። ከባድ ነገር ተዳፋት ላይ መሮጡ ምን ይገርማል? ግማሽ ኪሎው ገፍቷት ይሆናል። ይህን ከቤት አስበውበት ስለመጡ ከኪሳቸው ከረጢት አወጡ። ግማሽ ኪሎ ጀንፈል ነው፣ በናሙናዋ ሚዛን ልክ የተሞላ። ቀላሉን ጎማ መልሰው ከገጠሙ በኋላ ከረጢቱን ከሴላዋ ሥር አሰሩት። አሁን ብስክሌቱ ያው ክብደት ሆነ።

ኤልቤቴል ከነጀንፈሏ ወረደች። ከድንጋዩ ጥቂት ብቻ አልፋ ቆመች። እንጀራ የሆናቸውን ሚዛን የሚያከብሩት ሰው ሁለተኛም ሦስተኛም አስወረዷት፤ የእንሰቱን አጥር አንድም ጊዜ አላለፈችም። አቶ አብዱልአዚዝ ከረጢቱን ፈትተው በመዳፋቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት።

«ንፋስም ይመዘናል ለካ» አሉ። «ጥልቁን ውሰጂ።»

ነገሩ እዚያ ባለቀ ነበር። ግን ወደ ከተማ ሲመለሱ፣ ኤልቤቴል ጥልቁን ገጥማ ስትጋልብ፣ አናናስ የጫነ አይሱዙ አጠገቧ በፍጥነት አለፈ። ከመኪናው የወጣው ንፋስ ሰፊውን የፊት ቸርኬ እንደ ሸራ መታው፤ መሪው ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። ከአስፋልቱ ወጥታ ጠጠሩ ላይ ቆመች። አልወደቀችም፤ ፊቷ ግን አመድ ሆኖ ነበር። አርባ ምንጭ ላይ ከሐይቁ በኩል የጎን ንፋስ እንደማይጠፋ ሁለቱም ያውቃሉ። እየፈራች ቀና ብላ ከጋለበች ጎማው ያተረፈላትን ሁሉ መልሳ ትከስራለች።

የመንገዱን ቀሪ በእግር እየገፉ ሲሄዱ ተስማሙ። የኋላው ጎማ መሪ ስለማይነካ ንፋስ ቢመታውም አያናውጣትም፤ እሱ ጥልቅ ይሁን። የፊቱ ቀጭን ይሁን። የቀረው ቶሌራን ማሳመን ነበር።

ቶሌራ ተመልሶ ሲመጣ ጥንድ እንደማይነጥል ተናገረ።

«ኦቦ አብዱልአዚዝ፣ የጫማ አንድ እግር ሸጬ አላውቅም።»

«እንግዲህ ዛሬ ትሸጣለህ። የተረፉት ሁለቱ እኔ ጋ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ። ገዢ እስኪመጣ ዋሱ እኔ ነኝ።»

ቶሌራ ሰውየውን አየ፤ ግድግዳውን አየ። በዚህ መጋዘን ቃላቸው ታጥፎ እንደማያውቅ ከሞያሌ ድረስ ይወራል። ማንጠግቦሽ ሻይ አመጣችለትና ነገሩ በዚያው አለቀ።

ማጣሪያው በቡና ሰሞን መካከል ዋለ። አቶ አብዱልአዚዝ በሥራ ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ወቅት ሚዛናቸውን ለሌላ ሰው ትተው አርባ ምንጭ ሄዱ። እንደተፈራውም ንፋሱ ከሐይቁ በኩል መጣ። ሁለቱንም ጎማ ጥልቅ አድርጋ የመጣች አንዲት ልጅ ንፋሱ ገፍቷት መንገድ ዳር ወጥታ ስትመለስ አዩ። ኤልቤቴል ቀና ሳትል፣ ክርኖቿን ሳትከፍት አልፋቸው ሄደች። ስትጨርስ በሰዓት ከገቡት ሁሉ ቀዳሚ ነበረች፤ ገና ያልገቡት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። አንደኛዋ ገብታ በለጠቻት። ሁለተኛዋ፣ አምና ያሸነፈቻት ልጅ፣ ገና መንገድ ላይ ነበረች።

ኤልቤቴል አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። አቶ አብዱልአዚዝ ጀርባቸውን ለሰዓቱ ሰጥተው ቆሙ። ሰው ሲጮህ ሰሙ፤ የመጨረሻዋ ልጅ እየገባች ነበር።

«ስንተኛ ነሽ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ሁለተኛ» አለች ኤልቤቴል። «ጋሽ አብዱል፣ ሁለተኛ ነኝ። ይዙሩ እንጂ።»

ሲመለሱ የሚኒባሱ ረዳት ብስክሌቱን ከነጎማው ጣራ ላይ ሊጭን ነበር። አቶ አብዱልአዚዝ አሻፈረኝ አሉ። ጎማዎቹ ተፈቱ፤ እሳቸውም ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጠው ሁለቱንም በጉልበታቸው ላይ ያዙ፣ ጥልቁን ከፊት፣ ቀጭኑን ከኋላ። ኤልቤቴል አጠገባቸው ሆና ለአባቷ ደውላ ውድድሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ትተርክ ነበር። ከተማው ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ግንባራቸው ቸርኬው ላይ አረፈ። እሷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ወሬዋን ቀጠለች።