ሚስተር ኮችና የደሴ ሰዓት

ከደሴ የወጣሁበት ሌሊት ዝናብ ነበር። እናቴ ላለማልቀስ ሻንጣዬን እየፈታች መልሳ ታስራለች፤ እኔ ደግሞ እሷን ላለማየት መስኮት መስኮቱን አያለሁ። አባቴ በሱዳን በኩል ወጥቶ ዳላስ ከገባ ዓመታት አልፈው ነበር። ሁለታችንንም ሊወስደን አመልክቶ የኔ ተፈቀደ፤ የእማዬ ግን «በሂደት ላይ ነው» ተባለ። ይህን አባባል እስከ ዛሬ አልወደውም።

አባቴ የሚኖርባት፣ ዳላስ አጠገብ ያለችው ካሮልተን የደረስኩት በነሐሴ ነው። ሙቀቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ከኤርፖርቱ ስወጣ የዳቦ ቤት ምድጃ የተከፈተብኝ መሰለኝ። ሻይ በበረዶ ይጠጣሉ፣ ዳቦው ስኳር ስኳር ይላል፣ የማያውቅሽ ሰው ሁሉ «እንዴት ነሽ?» ይልሽና መልስሽን ሳይሰማ ያልፋል። እኛ ደሴ ሰላምታ ሳንጨርስ እኮ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

አባቴ ከኤርፖርት ፓርኪንግ ሥራው ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ መጥቶ ሃይስኩል ሊያስመዘግበኝ ወሰደኝ። የተማሪዎች አማካሪዋ፣ ካውንስለሯ፣ «ቤት ውስጥ የምትናገሩት አፍሪካንኛ ነው?» አለችው።

«አዎ» አላት አባቴ፣ ፊቱ ሳይፈታ። «እሑድ እሑድ ግን አማርኛ እንቀላቅላለን።»

ጻፈችው።

አሥረኛን ጨርሼ እንደመጣሁ ብንነግራትም እንግሊዝኛ ለማይችሉ ልጆች በተለየው ክፍል ልታስገባኝ ተነሳች። አባቴ ተከራከረልኝ። በመጨረሻ «እሺ፣ ወርልድ ጂኦግራፊን ከሌሎቹ ጋር ትሞክረው። በመጀመሪያው ፈተና ሰባ ካላመጣች ግን ትመለሳለች» አለች። ካርታ ከልጅነቴ የምወደው ነገር ነው፤ ያንን ክፍል ማጣት አልፈለግሁም።

የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ሲገባ ብድግ አልኩ። ብቻዬን። ሰውዬው ማን ተከትሎት እንደገባ ለማየት ወደኋላ ዞረ። ግዙፍ ነው፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ፣ ከትምህርት በኋላ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑን የሚያሠለጥን። ልጆቹ አሠልጣኝ ለማለት «ኮች» ሲሉት ስሙ መሰለኝ፤ መምህርን በባዶ ስሙ መጥራት ደግሞ ነውር ነውና «ሚስተር ኮች» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን «በመጨረሻ የሚያከብረኝ ሰው ተገኘ» ብሎ ማስተማሩን ቀጠለ።

እንዴት እንደሚያስተምር ብታዩ! ሰሌዳው ላይ ተራራ ይስልና ነፋሱን እንደ ተጫዋች በቀስት ያሯሩጠዋል፤ ተራራው ይገጥመዋል፣ ዝናቡን ከእጁ ያስጥለዋል፣ ከተራራው ጀርባ ያለው አገር ደረቅ ይቀራል። እኔ ደሴ ይህንኑ ሸምድጄ ጥሩ ውጤት አምጥቼበታለሁ። የገባኝ ግን ካሮልተን ነው።

ፈተናው በኅዳር መጣ። አንዱ ክፍል ስለ ሰዓት ነበር፦ ከዳላስ የራቀ አንድ ከተማ ምረጡ፣ እዚህ ይህን ያህል ሰዓት ሲሆን እዚያ ስንት ነው? ደሴን መረጥኩ። የአባቴን ትምህርት በቃሌ አውቀዋለሁ። «ሶ፣ እማዬን ኮል ስታደርጊ የዳላሱ ላይ ሦስት ጨምሪ። እዚህ ጠዋት ስምንት ከሆነ እዚያ ከቀኑ አሥራ አንድ ነው፣ ኦኬ?» ይለኝ ነበር፤ በአሜሪካ የብርድ ወራት እንዲህ ነው የሚቆጠረው። እየተደሰትኩ ጨመርኩ።

ወረቀቱ ሲመለስ የደሴ ሰዓት በሙሉ በቀይ ተሰርዟል። ስልሳ ሁለት። ከሰባው ስምንት ጎደለኝ።

ልጆቹ ሲወጡ ጠረጴዛው አጠገብ ቆምኩ። «ሚስተር ኮች፣ ደሴ እንዲህ ነው ሰዓቱ።»

«ዳላስ ቀትር ሲሆን እዚያ ከምሽቱ ዘጠኝ ነው» አለኝ በቀስታ። «አንቺ ሦስት ብለሻል።»

«ከምሽቱ ሦስት ነው። ዘጠኝ ሰዓትማ ሰው ሁሉ ተኝቷል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ፀሐይ ስትወጣ ስንት ሰዓት ትላላችሁ?»

«አሥራ ሁለት። ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሞላት አንድ እንላለን።»

በጣቶቹ ቆጠረ። «እኛ ደግሞ ቀኑን የምንጀምረው በእኩለ ሌሊት፣ ሁላችንም እያንኮራፋን ነው» አለ። «ነገ ለክፍሉ አስረጂ። በሁለቱም አቆጣጠር በትክክል ከሠራሽው ነጥቡ ያንቺ ነው።»

በማግስቱ ጠመኔ ይዤ ሁሉንም በሁለት ረድፍ ሠራሁት፤ የኛ በግራ፣ የነሱ በቀኝ። ኮች ወረቀቴን ተቀብሎ ቀዩን ሰረዘና ሰባ ሁለት ጻፈበት። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለ። መምህር በተማሪ ፊት እንዲህ ሲል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር። ትንሽ ሰው ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁለት፤ እሱ ግን በዓይኔ ላይ ይብስ ገዘፈ። ዛሬም ያችን አገር ሳመሰግን በፊቴ የሚመጣው እሱ ነው።

እማዬ በጎረቤት ስልክ ትጠብቀን ነበር። «ጂኦግራፊ አለፍኩ» አልኳት።

«እሰይ የኔ ልጅ! ምንድን ነው እሱ?»

«ዓለም፣ እማ። አገሩ ሁሉ የት የት እንዳለ።»

ከደሴ ተነስቼ ሱዳንን፣ ግብፅን፣ ባሕሩን፣ ስፔንን፣ ውቅያኖሱን እስከ ቴክሳስ ድረስ ጠራሁላት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«እንግዲያ መንገዱን አውቀሽዋል» አለችኝ። «መቼ ትመጫለሽ?»

ስልኩን ለአባዬ ሰጠሁት። ጥያቄዋን አልሰማም ነበርና «አዎ፣ አዎ» አላት እየሳቀ፣ «እውነቷን ነው፣ አልፋለች።»