እግሯ ቀሏል ያልኩ ዕለት

ይህን ነገር እስካለፈው ዓመት ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየጾሙ ንስሐ ስገባ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ስንፍናዬን ሁሉ እቆጥርና ይህን አንዱን እዘለው ነበር። አሁን የምናገረው ተሽሎኝ አይደለም።

የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ቴኳንዶ የጀመርኩት ፍኖተ ሰላም ተመድቤ ሳስተምር፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ጀመርኩ ልበል እንጂ ሥራዬ ጀምሮ መተው ነበር። ክረምት ሲገባ እተዋለሁ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ እተዋለሁ፣ የማርመው የፈተና ወረቀት ሲበዛብኝ እተዋለሁ፤ ወር ሁለት ወር ቆይቼ ደግሞ እመለሳለሁ። አሰልጣኛችን በተመለስኩ ቁጥር "እንኳን ደህና መጡ መምህር" ይለኝና ከጀማሪዎቹ ኋላ ያሰልፈኛል። ሰው ሁሉ እያለፈኝ ሄደ።

ካለፉኝ አንዷ እናኑ ነበረች። ከጅጋ ወዲያ ካለ ገጠር መጥታ፣ ትሩወርቅ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጅ ናት። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም። ከእኔ በኋላ ጀምራ አረንጓዴ ቀበቶ ስታስር እኔ ገና ቢጫ ላይ ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ አሰልጣኙ ከእሷ ጋር አጋጠመኝ። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ሊያዩ መጥተዋል። ዞር ብላ የሰነዘረችው እርግጫ ጎኔን አገኘውና በጀርባዬ ወደቅሁ። ባልደረቦቼ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ እጇን ዘረጋችልኝና፣ "ጋሼ፣ አመመዎት?" አለችኝ።

ጎኔስ ብዙም አላመመኝ። ያመመኝ ጥያቄዋ ነው። አንዲት የገበሬ ልጅ እኔን ጥላኝ፣ ደግሞ ልታዝንልኝ? እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ የገበሬ ልጆች የማስተምረው እኔ።

በሳምንቱ ለልቅሶ ጅጋ ሄጄ አባቷን አያ ደሴን አገኘኋቸው። ስንቅ ሲያመጡላት አይቻቸው እንተዋወቃለን። ሰላም ተባብለን ስናበቃ፣ "እናኑ እንዴት ናት? ትምህርቱን ያዘችው?" አሉኝ።

ጎበዝ ናት ማለት ይበቃ ነበር። እውነትም ነበር። እኔ ግን፣ "እናኑማ እግሯ ቀሏል፣ አያ ደሴ። አመሻሹን ከወንዶች ጋር ናት። እርስዎ መጥተው ቢያዩት ይሻላል" አልኳቸው።

ጎጃም ላደገ ሰው ይህ ፍቺ አያሻውም፤ ልጅቷ ባልጋለች፣ ከወንድ ወንድ ትላለች ማለት ነው። ለዓመታት የተደበቅሁት በቃሉ አንድ ፊት ነው፦ ስትራገጥ እግሯ ፈጣን ነው፣ የምንሰለጥንበት አዳራሽም ወንድ ይበዛበታል፣ ታዲያ ምን ዋሸሁ? ግን ሽማግሌው የትኛውን ፊት እንደሚሰሙ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። እንዲሰሙት ፈልጌ ነው የተናገርኩት። አያ ደሴ ጋቢያቸውን ሰብስበው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ።

ሰኞ መጥተው ልጃቸውን ከነፍራሿ ወሰዷት። እኔ የፈለግሁት ከአዳራሹ እንድትቀርልኝ ነበር፤ ከትምህርቷም ቀረች። በዚያው ዓመት ተዳረች። ሰው ሁሉ ትሩወርቅ ናት ለአባቷ ያሳበቀችው ሲል፣ ትሩወርቅ እያለቀሰች ስትምል፣ እኔ ሰልፌ ላይ ቆሜ ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ፈተና አረንጓዴ ቀበቶ አገኘሁ። ሦስት ሳምንት ብቻ አስሬው ተውኩ።

ቡሬ ከተዛወርኩ በኋላ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ተውኩ። ደም ግፊቴ ከፍ ሲልና ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ሲለኝ፣ በአርባ አንድ ዓመቴ እንደገና ጀመርኩ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ልጇን ልታስመዘግብ መጣች። እናኑ ነበረች። ከባሏ ተፋትታ ቡሬ ዱቄት ፋብሪካ ትሠራለች። እንዳየችኝ አወቀችኝ። ልጇንም፣ "እኒህ ጋሼ ከእኔ ጋር የተማሩ ናቸው፤ ሰላም በያቸው" አለቻት። ደስ ብሏት ነበር።

ሁለት ሳምንት ሸሸኋት። በሦስተኛው፣ ልጇ ልምምድ ላይ ሳለች፣ ደጅ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ "ያኔ ለአባትሽ የነገርኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ወደ እኔ ዞረች። "ምን ብለው ነው የነገሯቸው? ቃሉን ይንገሩኝ።"

ነገርኳት።

"ቴኳንዶ መሆኑን አልነገሯቸውም?"

"አልነገርኳቸውም።"

"አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ቀና ብለው አላዩኝም" አለች። "እኔም ትሩን ከዚያ ወዲህ አላናገርኳት። እናቷ ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ አልደረስኳትም።"

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። "እኔን ይተዉኝ። ሄደው ለትሩ ይንገሯት።"

ሄድኩ። ትሩወርቅ ፍኖተ ሰላም ሱቅ አላት። ቆማ ሰማችኝ። አልሰደበችኝም። የእናኑን ስልክ ቁጥር ብቻ ጠየቀችኝና ሱቋን ዘጋች።

ሁለቱ አሁን እንደሚጠያየቁ ሰምቻለሁ። እናኑ ልጇን ማምጣት አልተወችም፤ በአጠገቤ ስታልፍ ግን ሰላም አትለኝም። ልጅ ነበርኩ አልልም፣ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። በድላኝ ነው አልልም፣ የበደለችኝ ነገር የለም። ከአንተም፣ አንባቢዬ፣ ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር የማለት መብት ያላቸው ሁለት ሴቶች ናቸው፤ እነሱም አላሉም።