የሦስት ጓጉንቸር ሳጥን

ርብቃን የሚያውቋት ሁሉ ደፋር ናት ይሏታል። ጉድ እኮ ነው። ርብቃ የማትፈራው ነገር የለም። የበር ደወል ትፈራለች፣ ስልኳ ላይ ያልተመዘገበ ቁጥር ትፈራለች፣ ማዳም ዝም ስትል ትፈራለች፣ ማዳም ስትስቅ ደግሞ ይብስባታል። ኩዌት ከገባች ወዲህ የተማረችው ነገር ቢኖር ፍርሃቷን ፊቷ ላይ ሳታወጣ ሆዷ ውስጥ ይዛ መዋል ነው። ሰዉ ይህን እያየ ነው ደፋር የሚላት።

ከሁሉ አስበልጣ የምትፈራው ግን አልጋዋ ሥር ያለውን ሳጥን ነበር። ባያን በሚባል ሰፈር፣ የአንድ ትልቅ ቪላ ወጥ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍሏ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ የተቀመጠ የመካኒክ የብረት ሳጥን ነው። ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ውስጡ የብዙ ሴቶች ላብ አለ። ሳጥኑ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ለመናገር ደግሞ፣ አትሳቁና፣ ከጣሊያን አገር መጀመር ግድ ነው።

ርብቃ መጀመሪያ የተቀጠረችው ሳልሚያ ሰፈር፣ ባሕሩን የሚያይ ፎቅ ላይ፣ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ቤት ነበር። ሚስትየው ሲኞራ ኦርኔላ ባሏ ሥራ ሲሄድ የምታወራው ሰው አልነበራትም። ርብቃ ልብስ ስትተኩስ ወንበር ስባ አጠገቧ ትቀመጥና፣ በተሰባበረ ዓረብኛና በተሰባበረ እንግሊዝኛ ወሬዋን ትቀጥላለች። ሌላ ሴት ስለ ልጆቿ እንደምታወራው ኦርኔላ የምታወራው ስለ አባቷ መንደር ባንክ ነው። ርብቃ በመጀመሪያው ሰሞን ሴትዮዋን ትንሽ ነካ አድርጓታል ብላ ጠርጥራ ነበር።

ባንኩ የተቋቋመው ተራራ ሥር ባለ የወይን አገር ነው። አንድ ዓመት በረዶ ጣለና ወይኑን ድምጥማጡን አጠፋው። ገበሬው ሁሉ አራጣ አበዳሪ እጅ ወደቀ። በዚህ ጊዜ የመንደሩ ቄስ ምእመናቸውን ሰብስበው፣ እርስ በርሳችን እንበዳደር የሚል ሐሳብ አመጡ። መጻፍ የማይችለው ስለሚበዛ ወረቀቱ ላይ መስቀል እየሠራ ፈረመ። የተፈረመው ግን ቀላል ነገር አልነበረም። አንዱ ተበድሮ ቢጠፋ የቀሩት ላማቸውንም መሬታቸውንም ሸጠው ይከፍላሉ። ሁሉም ለሁሉም ዋስ ነው። ርብቃ ይህን ስትሰማ ካውያዋን አቆመች። እቁብ ታውቃለች፤ እቁብ ላይ አንድ ዋስ ጠርተህ ዕጣህን ትወስዳለህ። መንደሩ በሙሉ ዋስ የሚሆንበት ነገር ግን ሰምታ አታውቅም። አይፈሩም ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻት። እንዴት አይፈሩም አለች ኦርኔላ። አያቷ እሑድ ቅዳሴ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት መሠዊያውን ሳይሆን ማን እንደቀረ ነበር።

ገንዘቡ የሚቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ ከቄሱ ልብሰ ተክህኖ ሥር፣ በአንድ የእንጨት ሳጥን ነው። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፤ አንዱን ቄሱ፣ አንዱን ብረት ቀጥቃጩ፣ አንዱን የኦርኔላ ቅድመ አያት ይዘውታል። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ቁልፍ ያዥ ቁልፉን ለሰው አይልክም፣ ራሱ ይመጣል። አንድ ክፉ ዓመት ታዲያ የጎረቤት መንደር ባንክ ወደቀ ተባለና፣ ሕዝቡ ገንዘቤን እያለ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ተሰለፈ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ለሁሉም እንደማይዳረስ ሦስቱም ያውቃሉ፤ ላብ አጥምቋቸው ቆመዋል። በመሐል አንድ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ሌላው ተከተለው። ከዚያ ሌላው። ባንኩ በዚህ ዳነ። ቀድሞ የዞረው ማን እንደነበረ ግን ዛሬም አይታወቅም፤ የመንደሩ ቤተሰብ ሁሉ የኛ አያት ናቸው ይላል። ባንኩ ከሌሎች ጋር ተዋህዶ አሁን ከተማ ውስጥ የመስታወት ሕንፃ ሆኗል። ሳጥኑም መግቢያው ላይ መስታወት ውስጥ ተቀምጦ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ኦርኔላ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትናደዳለች።

መሐንዲሱ ሥራውን ጨርሶ አገሩ ሲገባ ርብቃ ወደ ባያኑ ቤት ተዛወረች። ወሬው ግን ከጭንቅላቷ አልወጣም። አርብ አርብ ከተማው ውስጥ የሐበሻ ቅዳሴ በሚቀደስበት ግቢ የምታገኛቸው ሴቶች ችግራቸው አንድ ነው። የባንክ ካርዳቸው የሚቀመጠው ማዳም ቦርሳ ውስጥ ነው። መኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ የሚሉት፣ የሌላት ደግሞ ጭራሽ ባንክ በር አትደርስም። አገር ቤት ከተላከ ወንድም ባጃጅ ይገዛበታል፣ ባጃጁ ይገለበጣል፣ ወንድም ሌላ ባጃጅ ይጠይቃል። ርብቃ አንድ አርብ የኦርኔላን ታሪክ አወራችላቸው። ሲስቁ ቆዩና በሚቀጥለው አርብ ሳጥኑ ከየት ይገኛል ብለው መጡ።

ሳጥኑን ከአርብ ገበያ የገዛው ፀጋአብ ነው፤ የርብቃ ማዳም ሹፌር። ሦስት ማንጠልጠያም አስበየደበት። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዷ ገንዘቧን በራሷ ጨርቅ ቋጥራ ታስገባለች፤ አንዷ በሻሽ፣ አንዷ በካልሲ፣ አንዷ አገር ቤት ጥላው በመጣችው ልጇ ኮፍያ። የታመመች ወይም የተባረረች ካለች ከሁሉም ቋጠሮ ይወጣላታል፤ ሳትመልስ ብትጠፋ ሁሉም ይከፍላሉ። ሳጥኑ ርብቃ ዘንድ ሆነ። አንደኛውን ቁልፍ እሷ፣ ሁለተኛውን ሱራ ሰፈር የምትሠራው ሩሃማ፣ ሦስተኛውን ደስማ ሰፈር የምትሠራው ቤዛ ያዙ። ርብቃ ብቻዋን መክፈት አለመቻሏ ትልቅ እፎይታ ሰጥቷት ነበር። ማንም ወሰድሽ ሊላት አይችልማ። ስለ ሌባ አስበውበታል። ንጹሕ ሰው ክፈቺ ተብሎ ሲገደድ ምን እንደሚሆን ግን አንዳቸውም አላሰቡም።

አንድ ረፋድ ላይ የማዳም የወርቅ አምባር ጠፋ።

ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ አምባሩ ግን የእናቷ ማስታወሻ ነው። ትልቁ ልጇ ዒሳ የሠራተኞቹን ክፍል አንድ በአንድ ማስፈተሽ ጀመረ። የምግብ አብሳይዋ ክፍል ተፈተሸ፣ የፀጋአብ ክፍል ተፈተሸ፣ የርብቃ ተራ ደረሰ። ብርድ ልብሱ ሲገለጥና ሦስቱ ጓጉንቸሮች ብቅ ሲሉ ርብቃ የአልጋውን ጠርዝ ያዘች።

«ክፈቺው» አለች ማዳም።

«አልችልም ማዳም። እኔ ጋ ያለው አንዱ ቁልፍ ብቻ ነው።»

እውነቱን ነው የተናገረችው፤ ለራሷ ጆሮ ግን ውሸት መሰላት። ዒሳ ሳቀ። ሹርጣ ጠርተን ይሰበር አለ፣ ፖሊስ ማለቱ ነው። ርብቃ የሚመጣው ሁሉ ታያት። ሳጥኑ ይሰበራል፣ ያ ሁሉ ዲናር ከአንዲት ሠራተኛ አልጋ ሥር ይወጣል፣ የጓደኞቼ ነው ብትል ማን ያምናታል? ገንዘቡ ፖሊስ ጣቢያ ይቀራል፣ እሷ እስር ቤት ትገባለች፣ ሴቶቹም እስኪሞቱ ሌባዋ ርብቃ እያሉ ሲያነሷት ይኖራሉ። ይህ የመጨረሻው ነው ከሁሉም የባሰባት። ጓደኞቿ ቁልፎቹን ይዘው እስኪመጡ ማዳም እንድትታገሣት ለመነች። ማዳም ልጇን አየችውና እስከ ዐስር ሶላት፣ እስከ ከሰዓቱ ጸሎት ማለት ነው፣ ጊዜ ሰጠቻት።

ሩሃማ ወዲያው ታክሲ እንደምትይዝ ነገረቻት። ችግሩ ቤዛ ነበረች። ቤዛ ደመወዝ ከከለከላት አሠሪዋ ቤት ወጥታ ጠፍታለች ተብሎ የተመዘገበባት፣ ኢቃማዋም ጊዜው ያለፈባት ልጅ ናት። ደስማ ውስጥ ወረቀት የማይጠይቁ አሮጊት ቤት ተሸሽጋ ነው የምትሠራው። ሹርጣ ይመጣበታል የተባለ ቤት መግባት ለሷ ራሷን በእጇ ማስረከብ ነው። ርብቃ ይህን እያወቀች ደወለችላት።

«እንዳትመጪ። ቁልፉን በፀጋአብ ላኪልኝ» አለቻት።

«ቁልፍ ያዥ ራሱ ይመጣል ያልሽን አንቺ አይደለሽ እንዴ እትዬ?»

«ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

ቤዛ ግን፣ እኔ ሳልኖር ተከፍቶ ነገ አንዷ ጎደለብኝ ብትል ምን ልትመልሺ ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ቤዛ ጥቁር አባያ ለብሳ፣ ፊቷን በሻርፕ ከልላ መጣች። ሩሃማ ቀድማ ደርሳ ጥፍሯን ስትበላ ነበር። ሦስቱ ሴቶች ሳጥኑ ፊት ተንበረከኩ። የየራሳቸውን ጓጉንቸር ፈቱ። ክዳኑ ሲነሳ የናፍታሌን ሽታ ወጣ። ማዳም ጎንበስ ብላ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች አየች። የሕፃኑን ኮፍያ ስታነሳ ቆየት አለች፤ ከዚያ ሳትፈታው መለሰችው። ወርቅ የለም። ትንሽ ቆይቶ የማዳም ስልክ ጮኸ። ባለትዳሯ ልጇ ናት፤ አምባሩ ከሠርግ ሲመለሱ እሷ ቦርሳ ውስጥ ቀርቷል። ማዳም ማንንም ሳታይ «ኸላስ» አለች፣ አለቀ ማለቷ ነው።

የበሩ ደወል የተደወለው ያኔ ነው። ዒሳ ዐስርን አልጠበቀም ነበር።

ፖሊሶቹ ወርቁ መገኘቱን ሰሙ። ከመጡ አይቀር ብለው ግን የሁሉንም መታወቂያ ጠየቁ። ርብቃ ሰጠች፣ ሩሃማ ሰጠች። ቤዛ ግን ጓጉንቸሯን መልሳ ቆለፈችና ቁልፉን ርብቃ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠችው። በእጇ ጨብጣው ስለቆየች ቁልፉ ይሞቅ ነበር። ማዳም ለፖሊሶቹ አንድ ሁለት ቃል ተናገረች፤ አልሰሟትም። ቤዛን ይዘዋት ሲወጡ ርብቃ መጮኽ ፈለገች፣ ድምፅዋ ግን አልወጣም። በዚያ ቀን ዝም ማለቷ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ማታ ማዳም ክፍሏ ድረስ መጥታ፣ ሳጥኑ እስከ አርብ ከቤቴ ይውጣ አለቻት። ይቅርታ አላለችም። የምትል ይመስል ግን በሩ ላይ ጥቂት ቆማ ነበር።

አርብ ፀጋአብ ሳጥኑን በመኪናው ጭኖ ቅዳሴው ግቢ አደረሰው። ሴቶቹ ሁሉ ወሬውን ሰምተዋል። ቅዳሴው አልቆ መኪናው ኋላ ተሰበሰቡ፤ እርስ በርስም አይተያዩም። ቀድማ የተናገረችው ለምለም ነበረች፤ ሳጥኑ ሲጀመር ከሁሉም በላይ ስታጨበጭብ የነበረችው።

«ጨርቄን ስጪኝ» አለች። «እኔ ልጆች አሉኝ።»

ሌላዋም የኔንም አለች። ሌላዋም። ርብቃ ሁሉም ጨርቃቸውን ወስደው ሲበተኑ፣ ሳጥኑም ባዶውን ፀጋአብ መኪና ውስጥ ሲቀር ታያት። የቤዛን ቁልፍ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ሁለት ቁልፍ በአንድ እጅ አይሆንም፣ ሕጋችን ነው፤ ማን ይይዘዋል ስትል ጠየቀች። ማንም እጁን አልዘረጋም። ይህን ቁልፍ የያዘ ሰው ሲጠሩት ምን ሊገጥመው እንደሚችል አሁን ሁሉም ያውቃል። እንግዲያው ሳጥኑን በሦስቱ ቁልፍ እንክፈተውና ቢያንስ መጀመሪያ የቤዛን አውጥተን እስር ቤት እንላክላት ተባለ። በዚህ ሁሉም ተስማሙ።

የርብቃ ስልክ ጮኸ። ያልተመዘገበ ቁጥር ነው። ላታነሳው ነበር። ግን አነሳችው። ቤዛ ናት፤ አብራት ከታሰረች ሴት ስልክ ተውሳ። በዚያው ሳምንት ወደ አገር ቤት እንደሚሸኟት ነገረቻት። ርብቃ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈተችው፤ ገንዘብሽን አውጥተን በፀጋአብ ልንልክልሽ ነው አለቻት።

«አታውጡት» አለች ቤዛ። «የኔ ከወጣ የሁላችሁም ይወጣል። እዚያው ይቀመጥ። አገሬ ገብቼ ሲቸግረኝ እደውላለሁ፣ ትልኩልኛላችሁ።» ከዚያ፣ «ቁልፌን ማን ያዘው?» ስትል ጠየቀች።

ርብቃ መዋሸት አማራት። ባዶ እጇን ወደ አገሯ ለምትባረር ልጅ ማንም አልያዘውም እንዴት ተብሎ ይነገራል? አፏን ልትከፍት ስትል ለምለም ከመሐል ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ቁልፉን ከርብቃ እጅ ወስዳ ጡት ማስያዣዋ ውስጥ ከተተችው።

«እኔ ነኝ በያት» አለች።

ሳጥኑ የዚያን ቀን አልተከፈተም። አሁን የሚቀመጠው ሱራ፣ ሩሃማ ዘንድ ነው። የቤዛ አረንጓዴ ሻሽ እንደተቋጠረ ውስጡ አለ። አገሯ ከገባች ቆይታለች፤ ኑሮም እንዳልተመቻት ከዚያ የሚመጡ ሰዎች ይናገራሉ፤ ላኩልኝ ግን እስካሁን አላለችም። ርብቃ ያልተመዘገበ ቁጥር ሲደውልባት ዛሬም ልቧ ስንጥቅ ይላል። ድሮ ዝም ትለው ነበር፤ አሁን እጇ ሊጥ ቢሆን እንኳ ሮጣ ታነሳዋለች።