ሮዝ ሪባን የታሰረበት አፋፍ

ክረምቱ ሊገባ ሲል የነበረው ያ ሰሞን ጉም አልለቅ ያለን ሰሞን ነበር። ጠዋት መስኮት ስንከፍት ባሕሩ የለም። ድምፁ ብቻ ከሥር ይመጣል፣ አንድ ትልቅ እንስሳ ተኝቶ የሚተነፍስ ይመስል። ልብስ አይደርቅ፣ እንጨት አይነድ፣ ዳቦ በማግስቱ ይሻግታል። የባሕር ዛፉ ቅርፊት ረጥቦ በረጅሙ እየተላጠ ሲንጠለጠል፣ ጫካው ውስጥ ሰው የቆመ እየመሰለን ስንቴ ደነገጥን። ቢሆንም መጥፎ ጊዜ ነበር አልልም። ሰው ሁሉ ዝግ ብሎ ይናገር ነበር፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ቶሎ ቶሎ ይጠይቅ ነበር። ኔሪዳ ፕሎማን ስትነሣ መጀመሪያ የሚታወሰው ያ ጉም ነው።

ኔሪዳ የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ከወጣትነቷ ጀምራ ዓሣ ስትቆራርጥ ኖራለች፤ ከቢላ ሥራ ብዛት የቀኝ እጇ ጣቶች ጨርሰው አይዘረጉም። ፋብሪካው ሲዘጋ ብዙው ሰው ወደ ከተማ ሄደ። እሷና ባሏ ሬክስ ግን እዚሁ ታዝማኒያ ደሴት ዳርቻ ቀሩና፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ሰው ያገለገለበት የተራራ ብስክሌት ገዙ። ያልሳቀባቸው የለም። «አንገታችሁን ልትሰብሩ ነው» ሲሏቸው ሬክስ «ይሰበር፣ ምን ያደርግልኛል፣ ዞሬ የማየው ነገር የለኝ» ይል ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከባሕሩ ገደል በላይ ባለው ጫካ ውስጥ የብስክሌት መንገድ ከሚቆፍሩት ሰዎች ጋር ገቡ። ሌላው መቆፈሪያና አካፋ ይዞ ሲለፋ፣ የኔሪዳ ሥራ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ መምረጥ ነበር። ብቻዋን ጫካ ትገባለች። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች። ዝናብ በየት በኩል እንደሚወርድ ቁጭ ብላ ታያለች። ደስ ሲላት ቅርንጫፍ ላይ ሮዝ ሪባን ታስርና ወደሚቀጥለው ዛፍ ታልፋለች። ሮዝ የሷ ነበር፤ በኛ ዳርቻ ሌላ ሰው አያስረውም።

አንድ ወግ ደግሞ ነበራቸው። ሪባኑ ከታሰረ በኋላ፣ መሬቱ ገና ሳይቆፈር፣ አንድ ሰው በብስክሌት ቀስ እያለ ይሄድበታል። መታጠፊያው ጠቦ እንደሆነ፣ ቁልቁለቱ አደገኛ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ያ ሰው ሁልጊዜ ሬክስ ነበር። እግሩ ብርቱ ነው፣ ዓይኑ ግን ደክሟል። ሮዝ ነገር ብልጭ ካለለት ወደዚያ ነው። «ሚስቴ ካሰረችው እኔን ምን አስጨነቀኝ» ይላል።

ያን ቅዳሜ አዲስ መስመር ተጀምሯል። ኔሪዳ ከላይ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ትልቁ ድንጋይ ድረስ አስራ ስትደርስ ሪባኗ አለቀባት። ከድንጋዩ በኋላ መስመሩ ወደ ጫካው ውስጥ፣ ወደ ቀኝ መዞር ነበረበት፤ በግራ ገደሉ ነው። ሬክስ ቁርሱን በልቶ ብስክሌቱን ሲያወጣ በሩ ላይ ቆማ፣

«ሪባኑ ካለቀበት አትለፍ። እዚያው ተመለስ» አለችው።

«እሺ እመቤት።»

«አትቀልድ።»

«ሪባን ካለ እሄዳለሁ፣ ከሌለ እመለሳለሁ። ይህማ አይጠፋኝም» ብሎ ጉሙ ውስጥ ገባ።

እሷ ሪባን ልትገዛ ወደ ሜቪስ ሱቅ ወረደች። ሜቪስ በሊጥ የተሸፈነ የስጋ ፓይ ከምድጃ እያወጣች ነበር፤ ቀና እንኳን አላለችም።

«ሮዝ የለም።»

«እንዴት የለም? ባለፈው ሳምንት ሞልቶ ነበር።»

«ሸጥኩታ። ደንበኛዬ አንቺ ብቻ ነሽ? ያ ገደሉን ሊለካ የመጣው ሰውዬ ጠርጎ ወሰደው። የራሱ ብርቱካናማ አልቆበት ነው።»

«ሮዝ ምን ያደርግለታል?»

«ለፀጉሩ አይመስለኝም፤ መላጣ ነው።»

ኔሪዳ ሳቀች። ሳቋ ግን ከመሀል ቆመ።

«የት ነው ያሰረው?»

«አፋፉ ላይ ነዋ። መሬቱ የተሰነጠቀበትን ዳር ዳሩን። ከትልቁ ድንጋይ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ፣ ሰው እንዳይጠጋ ብሎ...» ሜቪስ ፓዩን አስቀምጣ ቀና አለች። «ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?»

«ሬክስ ሄዷል።»

«ወዴት?»

«ሪባኑን ተከትሎ።»

ስልክ ብትደውልለት ከጫካው ውስጥ እንደማይነሣ ታውቃለች፤ ቢሆንም ደወለች። አይነሣም። ሜቪስን «የነፍስ አድን ሰዎቹን ጥሪልኝ፣ ገመድ ይዘው ይምጡ በያቸው» አለቻት። እነሱ ያሉት ከኛ ራቅ ባለው መንደር ነው፤ እስኪደርሱ ቁጭ ብላ የምትጠብቅ ሴት አልነበረችም። ብስክሌቷን ይዛ ወጣች።

ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ እንዴት እንደነዳችው ራሷም ኋላ ደህና አድርጋ መናገር አልቻለችም። ጉሙ ከፊቷ አንድ ዛፍ ያሳያታል፣ ከዚያ ሌላ ዛፍ። እርጥብ ሥሩ ጎማዋን ያንሸራትታታል። ፍሬን ከያዘች ትዘገያለች፣ ካልያዘች ትወድቃለች። የራሷ ሪባን በየዛፉ ብቅ ይላል፣ ራሷ ያሰረችው፣ ኑ ኑ የሚል። «ሬክስ!» ትላለች። ጉሙ ድምፅ አያሳልፍም።

ትልቁ ድንጋይ ጋ ስትደርስ ሪባኑ አላለቀም። ከድንጋዩ በስተግራ፣ አጫጭሩ ቁጥቋጦ ላይ፣ ሌላ ሮዝ ሪባን አለ። ከሱ ወዲያ ሌላ። ከዚያም ሌላ። በእኩል ርቀት፣ በሥርዓት የታሰረ ነው፤ እሷ ካሰረችው ይልቅ ያምራል። በመሀሉ፣ ጭቃው ላይ፣ አንድ የጎማ ዱካ ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

ብስክሌቷን እየገፋች በእግሯ ወረደች። ማዕበሉ አሁን ከሥሯ ነው የሚሰማው።

«ሬክስ!»

«አትምጪ» አለ ድምፁ፣ ቅርብ ሆኖ። «አንድ እርምጃ እንዳትጨምሪ።»

ቆመች። ጉሙ ትንሽ ገለጥ ሲል አየችው። ሳሩ ላይ ተቀምጧል፤ ብስክሌቱ አጠገቡ ተጋድሟል። በሱና በሷ መካከል መሬቱ ተከፍሏል። ስንጥቁን ቁጥቋጦ ሸፍኖታል፤ የፊት ጎማው ገብቶ ሬክስን ወዲያ ማዶ የወረወረበት ቦታ ብቻ ጥቁር አፍ ከፍቶ ይታያል። ከሬክስ ጀርባ ሳር፣ ከሳሩ በኋላ ምንም።

«እግሬ ዞሯል» አለ። «ልነሣ ስል ደግሞ ከሥሬ ያለው ነገር ነቅነቅ አለ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ዕድሜዬን እያሰብኩ ነው። አጭር ነው።»

«ዝም በል።»

«ዝም ካልኩ እፈራለሁ።»

«እንግዲያው አውራ፣ ግን አትንቀሳቀስ።»

በሆዷ ተኛች። ብስክሌቷን በጎኑ አጋድማ፣ ቀስ አድርጋ፣ ስንጥቁ ላይ እንደ መሰላል ገፋችው። የኋላ ጎማው ከሷ በኩል፣ የፊቱ ከሱ በኩል አረፈ። ትንንሽ ድንጋዮች ስንጥቁ ውስጥ ገቡ፤ ሲወድቁ አልተሰሙም።

«በሆድህ ና። ክብደትህን ብስክሌቱ ላይ ጣል። እኔ ጎማውን ይዣለሁ።»

«የኔስ ብስክሌት?»

«ተወው።»

«ትናንት ነው ጎማ የቀየርኩለት።»

«ሬክስ፣ ብስክሌቱን ይዘህ ከመጣህ እዚያው መልሼ እገፋሃለሁ።»

ሳቀና ሳቁን ዋጠው። ከዚያ በክርኑ መጣ። መሀል ላይ ሲደርስ ከጀርባው መሬቱ ረጅም ድምፅ አሰማ፣ አሮጌ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት። ዓይኖቹ ፈጠጡ። ጎማውን ለቅቃ፣ በማይዘረጉት ጣቶቿ ኮሌታውን ይዛ፣ በሁለት እጇ ሳበችው። ፊቱ ጭቃ ላይ ተደፍቶ፣ እግሩ ከኋላው እየተጎተተ፣ መጣ። ከስንጥቁ ርቀው ድንጋዩ ሥር ተደግፈው ተቀመጡ፤ ነፍስ አድኖቹም እዚያው አገኟቸው።

መሬቱ ያን ዕለት አልወረደም። ክረምቱ አጋማሽ ላይ፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ፣ ሁለቱንም ብስክሌት ይዞ ወረደ።

ያ የሚለካው ሰውዬ ይቅርታ ሊጠይቅ ቤታቸው መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ። ኔሪዳ ሻይ ሰጠችው፤ «አንተ ምን አጠፋህ፣ ያንተ ሪባን አትጠጉ ነው የሚለው፣ የኔ ኑ ነው የሚለው። ማን ይለየው» አለችው።

ሬክስ አልተቀየማትም። ነገሩን ያከበደባትም ይኸው አለመቀየሙ ነው። እግሩ እንደዳነለት ሌላ ብስክሌት ፈልጎ አመጣና፣ «በይ እሰሪልኝ፣ ልሂድበት» አላት። ሜቪስ ቢጫ ሪባን አስመጣችላት፤ ከሷ በቀር ለማንም እንደማትሸጥ ማለች። ኔሪዳ ቢጫውን ይዛ ጫካ ገባች። የመጀመሪያው ዛፍ ጋ ቆማ ቅርንጫፉን ያዘች። ሪባኑን ቅርንጫፉ ላይ አዞረችው፣ መልሳም ፈታችው። ከኋላዋ የሚመጣ ሰው ያለ እየመሰላት ደጋግማ ዞረች። ማንም አልነበረም። ጥቅሉን እንዳለ ለሜቪስ መለሰችላት።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች አሰሩ። ሬክስ የድሮውን መንገድ ሁሉ እየዞረ ይነዳ ነበር፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ጉም ባለበት ቀን ደግሞ እስከ መኪና ማቆሚያው ወጥታ ትቆማለች። አንድ ቀን ሲመለስ እዚያ አገኛት፤ ኮቷ ረጥቦ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ። ከብስክሌቱ ወርዶ ጎኗ ቆመ።

«ገደል የሌለበት አገር እንሂድ» አላት።

«አንተ ባሕሩን ትወዳለህ።»

«አንቺ ግን እየሞትሽ ነው» አለ።

ቤቱን ሸጠው ወደ መሀል አገር፣ ሜዳው ወደሚበዛበት ገቡ። ሬክስ እዚያ ጥቂት ዓመት ኖሮ በሳንባ ሕመም ሞተ። ባሕሩን ስለ መተው አንድም ቀን አንሥቶ አልወቀሳትም ይባላል።

ኔሪዳ እስካለፈው ዓመት ድረስ እዚያው መሀል አገር፣ ዴሎሬን በምትባል ከተማ ውስጥ፣ ከወንዝ ማዶ፣ በእህቷ ልጅ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ትኖር እንደነበር ሰምተናል።